የአሰልጣኙ ደብተር

«በመርፌ ቁልፍ ያዢው፤ አለዚያ አንዱ መጥቶ ይገልጠዋል» አሉ አክስቷ ግላፊራ፣ ነጩን አንሶላ ቴሌቪዥኑ ላይ እየጎተቱ።

«ለቅሶ ቤት መጥቶ ማን ይገልጠዋል?» አለች ሪማ።

«ወንዶቹን ረሳሻቸው እንዴ? ዛሬ ጨዋታ አለ።»

አልረሳቻቸውም። በሬቼንስክ ሰው ሲሞት ቤት ውስጥ ፊት የሚያሳይ ነገር ሁሉ እስከ አርባው ይሸፈናል። የመተላለፊያው መስታወት ተሸፍኗል፣ የመታጠቢያ ቤቱም እንዲሁ፤ አክስቷ እንደሚሉት ደግሞ የጠፋ ቴሌቪዥንም መስታወት ነው። ለማጽናናት የሚመጡት ወንዶች ባርኔጣቸውን አውልቀው መጀመሪያ የሟቹን ፎቶ ያያሉ፤ ቀጥለው አንሶላውን ያዩና በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ፎቶው ፊት ለሟቹ በጥቁር ዳቦ ቁራሽ የተከደነ አንድ ብርጭቆ ቮድካ ተቀምጧል። የፎቶው አርካዲ ፓቭሎቪች ማይክራፎን ጨብጦ ይስቃል። ሪማ አባቷን እቤት ውስጥ እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም፤ ፎቶውን ባየች ቁጥር የሚያበሽቃትም ይኸው ነው።

አራተኛው ቀን ነው፣ የቀብሩ ማግስት። የአራት ሰዓት መንገድ በባቡር ተጉዛ ከመጣች ጀምሮ ሻይ ከመቅዳት ሌላ ሥራ የላትም። አርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ በሌላ ከተማ የፊዚክስ መምህርት ነች፤ እዚህ ግን ማንም የሚያውቃት «የአርካዲ ፓቭሎቪች ልጅ» ተብላ ነው። የሚመጣው ሁሉ የሚናገረው ያንኑ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የከተማውን የበረዶ ሆኪ፣ ያንን ፓክ የምትባል ክብ ጎማ በበረዶ ላይ በዱላ የሚያሳድዱበትን ጨዋታ፣ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ያስተላለፈ ሰው በየቤቱ ዘመድ ሆኗል።

«ባሌ ከሞተ ወዲህ እቤቴ የሚሰማው የወንድ ድምፅ የሳቸው ብቻ ነበር» አለቻት ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ሴት፣ ዓይኗን እየጠረገች።

ሪማ እኛ ቤት ግን አይሰማም ነበር ልትላት ፈልጋ ተወችው። አባቷ ለጨዋታ ድምፁን ይቆጥባል፤ እራት ላይ ጨው ሲፈልግ በጣቱ ያሳያል። በስልክም ቢሆን በዓመት ሁለቴ፣ «ደህና ነሽ? በይ እሺ» ነው፤ አለቀ።

ማዕዘኑ ላይ ዞሪን ተቀምጧል። በአባቷ አሰልጣኝነት ዘመን የቡድኑ አምበል የነበረ፣ አሁን ሆዱ ከጠረጴዛው ጋር የሚጋፋ ሰው ነው። በማር የታሸ የስንዴ ንፍሮውን በማንኪያ እየዛቀ ለሁለት ጎረቤቶች ያወራል፤ በሹክሹክታ ነው የማወራው ብሎ ያምናል፤ ቤቱ ሁሉ ይሰማዋል።

«ሁለት ለሁለት ነን። ሦስት ደቂቃ ቀርቷል። ዋንጫው እዚህ ደርሷል» ጉሮሮውን አሳያቸው። «በዚህ መሀል ዳኛ እጁን አነሳ። እጁን ያነሳው ዋናው ዳኛ ቢሆን ጥፋቱ የነሱ ነው፤ ፓኳን እስኪነኩ እኛ እንጫወታለን፣ ሲነኳት ፊሽካ ነው፤ ሊያገቡብን አይችሉም። ያን ጊዜ በረኛው ይወጣና ስድስተኛ አጥቂ ይገባል። ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል። ያነሳው ግን የመስመር ዳኛው ነበር። ኦፍሳይድ የቆመ ሰው ነበራቸው፣ እሱ እስኪመለስ ነው። ክንዱ ላይ የዋናው ዳኛ ብርቱካናማ ጨርቅ እንኳ የለም እኮ። እና በረኛችን ቬንያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጎሉን ባዶውን ጥሎ ወደ ተቀያሪ ወንበር!»

«ከዚያስ?» አለ ጎረቤቱ፣ መቶ ጊዜ የሰማውን።

«ከዚያማ ሰውየው ተመለሰ፣ የመስመር ዳኛው እጁን አወረደ፣ የኛው ተከላካይ ተደናግጦ ፓኳን ሰጣቸው። ከመሀል ገፋ አደረጓት። እየተንሸራተተች ባዶ ጎል ውስጥ ስትገባ ሰባት ሺህ ሰው ቆሞ አየ።» ዞሪን ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ብሎት ዋጠውና አንድ እጁን ከራሱ በላይ አነሳ።

ይህች የተነሳች እጅ በሬቼንስክ የቬንያ ስም ናት። መንገድ ላይ ልጆች ያነሱበታል። ዳቦ ሻጯ መልስ ስትሰጠው ታነሳበት ነበር። ያኔ ያልተወለዱት ሁሉ ያነሱበታል።

«አባትሽ ግን ሰው ነበሩ» አለ ዞሪን ወደ ሪማ ዞሮ። «ያን ቀን ጋዜጠኞቹ ሲከቧቸው ምን አሉ? ‹ልጁን ተዉት፣ ወጣት ነው።› በቃ። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን በልቶት ነበር። ሐቀኛ ሰው፣ አዛኝ ሰው።»

ሪማ የምትቀዳው ሻይ ከብርጭቆው አልፎ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ።

ያን ቀን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ የተቀመጠችውም ልክ ከተቀያሪዎቹ ወንበር ጀርባ፣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ። ፓኳ የት እንዳለች አታይም ነበር፤ የምታየው ቬንያን ነው። በሰኔ ሊጋቡ ተነጋግረዋል። ስለዚህ ዞሪን ያላየውን፣ ሰባት ሺህ ሰው ያላየውን አየች። ቬንያ ጎሉ ላይ እንደቆመ አንገቱን ወደ አሰልጣኙ አዞረ። ከፊቷ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ክንድ ተነስቶ ና ብሎ ተወዛወዘ። ቬንያ አልተንቀሳቀሰም፤ ወደ መስመር ዳኛው አየ፣ እንደገና ወደ ወንበሩ አየ። ክንዱ ሁለተኛ ጊዜ ተወዛወዘ፣ በቁጣ። ያን ጊዜ ነው ቬንያ የወጣው።

ማታ ኩሽና ውስጥ፣ «አባዬ፣ እጅህን አይቼዋለሁ» አለችው።

አባቷ ስኳሩን ሲያማስል ቆየ። «እዚያ ወንበር ጋ ብዙ እጅ ነው የሚወዛወዘው» አለ። «ሻይሽን ጠጪ።»

ጠጣች። ከዚያ ወዲህ በሆነው ነገር ሁሉ በራሷ ላይ በጣም የሚያንገበግባት ይኸው ነው፤ ሻይዋን ጠጣች። በማግስቱ ቬንያ ደረጃው ሥር ጠብቆ፣ «አንቺ እዚያው ነበርሽ። አይተሻል አይደል?» ሲላትም፣ «ከኔ በኩል አይታይም ነበር» አለችው። ቬንያ አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። የመልበሻ ክፍል ነገር ውጭ አይወጣም፣ በአሰልጣኝ ላይም አይመሰከርም፤ እንዲያ ተደርጎ ያደገ ልጅ ስለሆነ ለማንም አልተናገረም። በመከር ሪማ ትምህርቷን ለመጨረስ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፤ እዚያው ቀረች።

የሚገርመው፣ አባቷን ያ ዝምታ አንድ የውድድር ዘመን እንኳ በአሰልጣኝነቱ በቅጡ አላቆየውም። በሚቀጥለው ክረምት ስምንት ጨዋታ ተሸንፎ ተባረረ። ሥራ ፈትቶ ዓመት ያህል እንደተቀመጠ የቴሌቪዥኑ ሰው ጉንፋን ያዘውና ለአንድ ጨዋታ ማይክራፎኑን ለአርካዲ ፓቭሎቪች ሰጡት። ማንም አላስመለሰውም። የፋብሪካው ሠራተኛ እሱን ለመስማት ፈረቃ ይቀያየር ነበር። ቡድኑ ጎል ሲቆጠርበት አይጮህም፤ «ማነው ያጠፋው? በስሙ እንጥራው» ይላል፤ ይጠራዋልም። ማንንም አይምርም ነበር፤ ሰው የወደደለትም ይህንኑ ነው። ሪማ አንድ ጊዜ ሆቴል ውስጥ በአጋጣሚ ሰምታው ቴሌቪዥኑን፣ መብራቱን ሳይቀር፣ አጥፍታ ተኝታለች።

አመሻሹ ላይ ዴኒስ የሚባል ልጅ ደወለ። አባቷን የተካው እሱ ነው፤ በጣም ትሑት ድምፅ አለው።

«ሪማ አርካዲዬቭና፣ ዘጠነኛው ቀን ላይ እዚሁ ጨዋታ አለን። አንደኛው ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ በስልክ በቀጥታ ብናገኝዎት? ሁለት ደቂቃ ነው። ጥሩ ጥሩውን። እቤት ውስጥ እንዴት ያለ አባት እንደነበሩ።»

«አስብበታለሁ» አለች። ማሰብ አላስፈለጋትም፤ እምቢ ልትል ነበር።

በስድስተኛው ቀን ቬንያ መጣ። በሩን ስትከፍትለት ያ ረጅም ልጅ ሽበታም ሆኖ፣ ካርቶን ታቅፎ፣ በሥራ ጃኬቱ ቆሟል። ከዚያ ጨዋታ በኋላ ማንም ቡድን አልወሰደውም፤ ከሃያ ዓመት በላይ በዚያው አዳራሽ በየእረፍቱ በረዶውን የሚያለሰልሰውን መኪና ሲነዳ ኖሯል። አባቷ ላይ፣ እሱ ታች።

«ጨዋታ የሚያስተላልፉበት ላይኛው ክፍል የነበረ ዕቃቸው ነው» አለ። «አዲሱ ልጅ ቦታ ፈልጎ።»

«ግባ፣ ሻይ…»

«ጫማዬ ውሃ ነው።» የተሸፈነውን መስታወት አየት አደረገ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ።» ካርቶኑን አስቀምጦ ወረደ።

ካርቶኑ ውስጥ ፔርሙስ፣ የመቀመጫ ትራስና አሥራ አንድ ደብተር አለ። አባቷ ሁልጊዜ ከጨዋታው በፊት ባለው ቀን እዚያ ክፍል ወጥቶ የሚናገረውን በዝርዝር ይጽፍ እንደነበር ሰምታለች። የመጀመሪያውን ደብተር ገለጠች። እያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ገጽ ነው። የተጎዳው ተጫዋች፣ የማን ልደት እንደሆነ፣ የፋብሪካው ስም ሁለት ጊዜ፣ በረዶው። የተናገረው ሁሉ ላይ በእርሳስ ትንሽ፣ ወደ ግራ ያዘመመች ራይት አለች። ከታች አንድ መስመር ላይ ግን የለችም። «የቬንያ እጅ፤ ተናገር» ይላል።

ገለበጠች። «የቬንያ እጅ፤ ተናገር።» ራይት የለም። ሌላ ደብተር አነሳች፣ የሌላ ዓመት፣ የሌላ ወር። ያው መስመር አለ፣ በያንዳንዱ ገጽ፣ ሁሉ ነገር ራይት ተደርጎበት እሱ ብቻ ባዶውን። የመጨረሻውን ደብተር ለመክፈት አቅም አጣች። ካፖርት ሳትደርብ ደረጃውን ወረደች።

ቬንያ አልሄደም፤ በሩ ጋ ካለው አግዳሚ ላይ ሲጋራ ያጨሳል።

«አንብበኸዋል?»

«ክፍሉን የማጸዳው እኔ ነኝ» አለ።

«መቼ ነው ያነበብከው?»

«ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል። ጠረጴዛው ላይ ገልጠውት ይሄዱ ነበር። እንዳየው ፈልገው ይሁን ረስተው፣ እንጃ።»

«ዘጠኝ ዓመት! እና ዝም አልክ?»

«አንቺስ?» አለ ቬንያ፣ ሳይቆጣ።

ብርዱ ከቀሚሷ ሥር ገባ።

«ካነበብኩት ወዲህ» አለ፣ «ከጨዋታ በፊት መኪናውን አስነስቼ ትንሿን ሬዲዮ አንድ ጆሮዬ ላይ እሰካለሁ። ዛሬ ይሉታል እላለሁ። ሲጀምሩ ሁልጊዜ ‹በረዶው ዛሬ ጥሩ ነው› ነው የሚሉት። እሱን ስሰማ ዛሬም እንደማይሉት ይገባኝና አወልቃለሁ። ለኔ መሆኑ ነው መሰለኝ። በረዶው ጥሩ መሆኑን አጣሁት እንዴ? እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«ቬንያ፣ እኔ በዚያን ጊዜ…»

«ተይው። አርባቸው ሳይወጣ አንዋቀስ።» ሲጋራውን በጫማው ረግጦ ተነሳ። «አሁንማ ሬዲዮውንም ትቼዋለሁ። የሚጠበቅ ሰው የለም።»

ሪማ ወደ ላይ ወጥታ ለዴኒስ ደወለችና እሺ አለችው።

በዘጠነኛው ቀን ጠረጴዛው ከመስኮቱ እስከ በሩ ተዘረጋ። ንፍሮው፣ ስሱ ቂጣ፣ የአሳ ጥብሱ ተደረደረ። አክስቷ ጸሎቱን አስመሩ። ሰው በተራ እየተነሳ ብርጭቆውን ሳያጋጭ ስለ ሟቹ አንዳንድ ቃል ተናገረ። ሐቀኝነቱ ስድስት ጊዜ ተነሳ፤ ሪማ ቆጥራለች። ጨዋታው ተጀምሯል፤ ዞሪን ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በጠረጴዛው ልብስ ከልሎ ያያል፤ አጠገቡ የተቀመጡት ወንዶች ሁሉ አንገታቸውን አቀርቅረው ሐዘን የገባቸው መስለዋል።

የቤቱ ስልክ ሲጮህ ግላፊራ ክንዷን ያዙ። «ደህና ደህናውን ተናገሪ፣ የኔ ልጅ። ነፍሱ ዛሬ እዚሁ ነው ያለችው።»

«አውቃለሁ፣ አክስቴ። ቢሰማኝ ደስ ይለኛል።»

ዴኒስ ተመልካቾቹን ሰላም አለ፣ ስለ ታላቁ ሰው ተናገረ፤ ከዚያ፣ «ሪማ አርካዲዬቭና፣ አባትዎ ሁልጊዜ ጥፋተኛውን በስሙ እንጥራው ይሉ ነበር። እቤትም እንዲያ ነበሩ?» አለ።

«አልነበረም» አለች ሪማ። «ዛሬ ግን በስሙ እንጥራው። ዋንጫውን ባጣንበት ጨዋታ ቬንያሚን ከጎሉ በገዛ እጁ አልወጣም። የመስመር ዳኛውን እጅ ከዋናው ዳኛ ጋር ያምታታው አባቴ ነው። ሁለት ጊዜ ና ብሎ ጠራው። እኔ ከኋላው ተቀምጬ አይቻለሁ። ቬንያ ሲጠይቀኝ አላየሁም አልኩ። አባቴ ሊናገረው በየጨዋታው ይጽፈው ነበር፤ በእጅ ጽሑፉ አለ። አልሆነለትም። እኔም እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።»

ዘግየት ብሎ፣ ከጠረጴዛው ልብስ ሥር የገዛ ድምፅዋ ወጣ። «…አላየሁም አልኩ። አባቴ ሊናገረው…» ዞሪን ስልኩን ለማጥፋት ጣቱ እምቢ አለው። ሁሉም እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ከዚያ ዴኒስ፣ «እ… እናመሰግናለን» አለና የመጥበሻ ማስታወቂያ ገባ።

«በዘጠነኛ ቀኑ» አሉ ግላፊራ። «በገዛ ቤቱ። በዘጠነኛ ቀኑ።»

«ደክሟት ነው» አለች የሦስተኛ ፎቋ ሴት። «ስንት ቀን አልተኛችም እኮ። ደግሞ ያን ልጅ ትወደው ነበር፤ ሐዘን የማያናግረው ነገር የለም።»

«አልደከመኝም» አለች ሪማ። «ደብተሩን ላምጣላችሁ?»

አምጪ ያለ የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ስትፈራው የኖረችው ነገር ይኸው ተባለ፤ ሰዎቹ ግን አሳውን ያያሉ። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ብትገለብጠው ደስ ባላት። ዞሪን ብቻ ፊቱ ቀልቷል።

«እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር» አለ ለማንም ሳይሆን። «ወደ ወንበሩ አላየሁም። ማናችንም አላየንም።» ቀጥሎም፣ «ጠይቄውም አላውቅም» አለ። ብርጭቆውን ሳይጨርስ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት። ግላፊራ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ።

ሪማ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዳ መርፌ ቁልፉን ነቀለች። አንሶላውን ገልጣ ከፈተችው። የበረዶው መኪና በቀስታ ይዞራል፤ ከኋላው የጠራ፣ እርጥብ መንገድ ይተዋል። ቬንያ ሁለቱም ጆሮው ባዶ ነው፤ ፊት ፊቱን እያየ ይነዳል፤ ምንም አልሰማም። መቀመጫዎቹ ላይ ግን ሬዲዮ ጆሯቸው ላይ የለጠፉ ሽማግሌዎች መኪናው ሲያልፍ አንገታቸውን አብረው ያዞራሉ። እጁን ያነሳ የለም። ቬንያ የመጨረሻውን ዙር ጨርሶ በበሩ ገባ፤ ሪማም አጠፋችው። የጠቆረው መስታወት ላይ የራሷን ፊት አየች፤ አልሸፈነችውም።

የመጨረሻውን ደብተር ከካርቶኑ አወጣች። የመጨረሻው ገጽ አባቷ ያልደረሰበት ጨዋታ ነው፤ ወደ አዳራሹ ሲሄድ ትራም ፌርማታ ላይ ነው የወደቀው። በአንዱም መስመር ላይ ራይት የለም። በእርሳስ «የቬንያ እጅ፤ ተናገር» የሚለው ላይ ራይት አደረገች፣ ትንሽ፣ ወደ ግራ ያዘመመች። ልቧ ቀለል ይላል ብላ ነበር፤ አላላትም።

ከሥሩ ሌላ መስመር እንዳለ ያየችው ያን ጊዜ ነው። በሌሎቹ ገጾች ላይ አልነበረም፤ ጽሕፈቱም ደቀቅ ያለ ነው። «ከጨዋታው በኋላ፤ ሪማ ጋ መደወል።»

ሪማ የእርሳሱን ጫፍ መስመሩ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ እርሳሱን አንስታ፣ ደብተሩን እንደተገለጠ ፎቶው ፊት፣ ዳቦ ከተከደነው ብርጭቆ አጠገብ አስቀመጠችው። ስልኩንም ከመተላለፊያው እስከ ገመዱ ጫፍ ድረስ ስባ አምጥታ አጠገቡ አደረገችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።